ስለ አሳማ ጎድንዎና በድቢቱ ላይ ስለፈረዱት ሞት

ለክቡር ሚስተር ዱዌይን ሆልብሩክ
የስፕሊት ፓይን ሐይቅ የድንኳን ሰፈር የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጨጓራዎን። ባለፈው ቅዳሜ ከዋና ከተማ ለመጡት እንግዶችዎ በሐይቁ ዳር ባደረጉት ግብዣ ላይ ያን ሁሉ የአሳማ ጎድን አወራርደው በሰላም አድረው ከሆነ፣ እኛ ሞንታናውያን ደስታችን ወሰን የለውም።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በየመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤ ነው። ጆሮ ቆራጣዋ እያልን የምንጠራት እናት ድብ የሰው ምግብ ስለለመደች በወጥመድ ተይዛ እንደምትገደል፣ ለዚህም ያበቃት የወይዘሮ ቬርና ቶሌፍሰን የዓሣ ጥብስ እንደሆነ ይገልጻል። ስለ ሁለቱ ግልገሎቿ ዕጣ ግን ምንም አይልም፤ መቼም ወረቀቱ ጠብቦት ይሆናል። ስለዚህ ጥቃቅን ቅሬታዎቼን እንዲህ አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ቬርናን ከሰፈሩ ስላባረሩልን እናመሰግናለን። ይህች ሴት ባሏ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ዓሣዋን ከድንኳኗ ርቃ፣ ነፋሱን ለይታ የምትጠብስ፣ ስትጠብስ የለበሰችውን ልብስ ለብሳ የማትተኛ፣ የመጥበሻዋን እጣቢ እንኳ በጠርሙስ ይዛ የምትመለስ አደገኛ ሰው ናት። ማስታወቂያውን ሳነብላት፣ «አንቺ፣ እኔስ ቤት አለኝ፤ እነዚያ ግልገሎች እናታቸው ከሞተች ክረምቱን የት ሊገቡ ነው?» ብቻ ነው ያለችኝ።

፪ኛ. በግብዣው ላይ እኔም ለምጽፍበት መጽሔት እንድዘግብ ተጋብዤ ነበርና ጎድኑ ስለተቀባው ድልህ አንድም ክፉ ነገር አይወጣኝም። ነገር ግን ወጥ ቤት ሠራተኛዎ የተረፈውን አጥንትና የዓሣ ቆዳ ድብ ወደማይከፍተው የብረት ሣጥን ሊወስድ ሲነሣ፣ ክቡርነትዎ ብርጭቆዎን እንደያዙ «የት ትሸከመዋለህ ወንድሜ፣ ምድጃው ውስጥ ድፋው፣ እሳቱ ይጨርሰዋል» ሲሉት ከጎንዎ ተቀምጬ ነበር። ሠራተኛውም የስቡን ትሪ ሳይቀር ደፋው። ምግብ እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ግማሽ የተቃጠለ ስብ ድብን ከተራራ ማዶ ይጠራል የሚለው ደንብ በእርስዎው ፊርማ የወጣ ነው። ፈራሚ ማንበብ እንደማይጠበቅበት አላወቅንም ነበር፤ ይቅርታ።

፫ኛ. ወጥመዱን ቬርና ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ አጠገብ በማስቀመጥዎ ብልሃትዎ አስደንቆናል። ጀልባ አከራዩ አርሎ በየማለዳው ጭቃው ላይ የሚያየውን ዱካ ለሰማው ሁሉ ይተርካል፤ ድቢቱ ወጥመዱን ዞር ብላም ሳታየው አልፋ፣ ቀጥ ብላ ወደ ግብዣዎ ምድጃ ትሄድና አመዱን ትቆፍራለች። በሐይቃችን ዙሪያ የእርስዎን ግብዣ ያልረሳች እሷ ብቻ ናት፤ ለዚህም ውለታዋ ጥይት አዘዙላት።

የምለምንዎ ቀላል ነገር ነው። ወጥመዱን ያንሡ፣ ማስታወቂያውን ይቅደዱ። ተዳፋቱ ላይ የዱር እንጆሪው በስሏል፤ አመዱ ከተነሣ ድቢቱ እዚህ የምትመላለስበት ጉዳይ የላትም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ከዕድሜውም ጋር ትንሽ እፍረት እየተመኘሁ፣ የግብዣዎ ተካፋይና ጎድንዎ እስከ ዛሬ ያልተፈጨላት፣

አይሊን ራውታ
ከሐይቅ ማዶ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ትናንት ክቡርነትዎ ምሳ ላይ ሳሉ ቬርናና እኔ አመዱን ከነአጥንቱ ዝቀን፣ በከረጢት ሞልተን፣ ቢሮዎ ደጃፍ ባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፈንልዎታል፤ ያመጡትን ይዘው ይመለሱ ይላልና ደንብዎ። ዛሬ ማለዳ አንድ ትልቅና ሁለት ትናንሽ ዱካዎች ከምድጃው ዳር ተነሥተው ሽቅብ ወደ እንጆሪው ሲወጡ አይተናል። ወጥመዱ ግን አፉን ከፍቶ ባዶውን ይጠብቃል። ማጥመጃው የአሳማ ጎድን ነው ሲሉ ሰምቻለሁና፣ ርቦዎት በዚያ ካለፉ እባክዎን ይጠንቀቁ።