ባለጎማው ወንበር

እንዴት ነሽ የኔ እመቤት፣ የጤና ጣቢያችን ብቸኛዋ የአእምሮ ጤና ነርስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ቅናት ግን ጨርሶኛል። በዚህ ፖስት ካርድ ፊት ያለውን ባሕር ተዪው፤ የቀናሁት በእሱ አይደለም።

ዛሬ ለልምድ ልውውጥ በምንጎበኘው ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ደም ግፊቷን ልትለካ መጣች። ነርሷ መለኪያውን ክንዷ ላይ እየጠቀለለች "እንቅልፍስ እንዴት ነው?" አለቻት። የሴትየዋ እንባ ዱብ ዱብ አለ። እኛ ብንሆን ወረቀት ጽፈን ወደ አንቺ እንልካታለን፤ ከጄኔሬተሩ ጀርባ፣ በሩ ላይ "የአእምሮ ሕክምና" ተብሎ በትልቁ ወደተጻፈበት ክፍልሽ። እሷም ሰው አየኝ አላየኝ ብላ በግቢው በር ውልቅ ትላለች። እዚህ ግን ነርሷ ከጎን ካለው ክፍል የሚያገናኘውን የመሃል በር ኳ ኳ አደረገች። እንዳንቺው የአእምሮ ጤና ነርስ የሆነችው ከነወንበሯ እየተንሸራተተች ከች አለች! ወንበሯ ጎማ አለው። "እናቴ፣ እኔም አብሬ ልስማ?" አለቻት። ሐኪሙም መጣና አንድ ላይ መከሩላት። ሴትየዋ ከመቀመጫዋ እንኳ አልተነሳችም።

አንጀቴ እርር አለ! እስኪ አሁን እነዚህ ከኛ በምን ይበልጣሉ? በአንድ በር?

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ዘበኛችንንም ሰላም በይልኝ። ሰኞ ስመለስ ዕቃሽን ይዘሽ እኔ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ጠረጴዛዬ ለሁለት ይበቃል። ወንበርሽ ጎማ ባይኖረውም እኔ እሸከምልሻለሁ።