መጥረጊያዬን የበላችው ጥንቸል

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚቆረጥምህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ታቃስታለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋን ያ ሳል ለቀቃት? ከሁሉም በላይ እማማ እንዴት ናት? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጠዋት ስትነሳ ፊቷ ምን ይመስላል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ወር ካውያ እጄን ልጦኝ ነበር፤ አሁን ቆዳው ተመልሷል። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጣመም በእጄ አታመካኝልኝ፤ ድሮም ጠማማ ነው።

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እማማ ምግብ ሲቀርብላት ሁለቴ ሳትጎርስ በቃኝ እንደምትል፣ ከስታ ቀሚሷ እንደሰፋት፣ ባለቤትህም ያልሞከረችው ነገር እንደሌለ ጽፈሃል። በወሩ መጨረሻ አክስታችን ዘንድ ልትወስዳት አስበሃል፤ እዚያ ሠራተኞች ስላሉ የሚንከባከባት አይጠፋም ብለህ። ወደ እኔ የማትልክበትን ምክንያትም አልደበቅኸኝም። «እትዬ፣ አትቀየሚኝና አንቺ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻሽን የኖርሽ ሰው ነሽ፤ ጫጩት እንኳን አሳድገሽ አታውቂም» ነው ያልከኝ። አልተቀየምኩህም። እውነትህን ነው፣ ጫጩት አላሳደግሁም። ጥንቸል ግን ይዣለሁ። ስለ እማማ የማስበውን ከመንገሬ በፊት ስለ ጥንቸሏ ልንገርህ፤ አንተ ደብዳቤ ስታነብ መሃሉን መዝለል ትወዳለህና ይህን እንዳትዘልብኝ።

ነገሩ የዛሬ ሰባት ሳምንት ነው። ውሎዬ በሆቴሉ ምድር ቤት፣ መተኮሻ ክፍል ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ እንግዳ ቤተሰብ ክፍሉን ለቅቆ ሲሄድ በጫማ ካርቶን ውስጥ ጥንቸል ትቶ ሄደ። ስልክ ቢደወልላቸው ከእንግዲህ አንፈልጋትም አሉ። ኃላፊያችን ካርቶኑን ይዛ ወደ እኛ ወረደች። ሼፉ አንገቱን አስግጎ አየና እኔ ጋ ብትመጣ ቦታ አላጣላትም አለ። ቦታ ያለው ድስቱን ነው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ግን እጄ በራሱ ሄዶ ካርቶኑን ተቀበለ። ኃላፊያችን ገርሟት፣ አንቺ እኮ ከሰው ጋር እንኳን አታወሪም አለችኝ። እሷም አታወራም አልኳት።

መልኳ አመድማ ነው፤ አራቱም እግሮቿ ግን ነጭ ስለሆኑ ካልሲ ብያታለሁ። ክብደቷ ሁለት የታጠፉ ፎጣዎች ቢያህል ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ብደብቀው የሚያውቅብኝ የለም፤ ግን የምለምንህ ነገር ስላለ በተሸፈነ ነገር ላይ ቆሜ ልለምንህ አልፈልግም። አንተ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ ቤት ቀርቼ ፊደል የለየሁት ስኳርና ሚስማር ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው። ያ አመል እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። የተጻፈበት ቁራጭ ካገኘሁ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ስለ ብስክሌት ጥገና አለኝ፣ ስለ ንብ አለኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች የሠርግ ጥሪ ሳይቀር አለኝ። ካልሲን ይዤ የገባሁ ዕለት ቆርቆሮውን ገልብጬ ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የጥንቸል ሥዕል ያለበት ግማሽ ገጽ። ላይኛው ግማሽ ተቀድዶ ጠፍቷል፤ ከታች ግን የምግብ ዝርዝር አለ፤ ዳቦ፣ ብስኩት፣ የተቀቀለ ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ ይላል። ኩራቴን ብታይ። ስንት ዓመት ያስቀመጥኩት ወረቀት ለዛሬ ጠቀመኝ አልኩና ከዝርዝሩ ሳልወጣ መቀለብ ጀመርኩ። ሼፉም ከቁርስ የተረፈውን ዳቦ እየሰጠኝ አደልቢያት፣ አደልቢያት እያለ ይቀልዳል።

ካልሲ ዳቦውን ቀመስ ታደርግና ወደ በሩ ትሄዳለች። ከበሩ ኋላ የሣር መጥረጊያዬ ይቆማል። አንድ አንድ ሰበዝ እየመዘዘች ቁጭ ብላ ትቆረጥመዋለች። እኔ ደግሞ ብልግና መሰለኝ። ገና ከመምጣትሽ ቤቴን ልታፈርሺ ነው ወይ ብዬ ተቆጣኋትና መጥረጊያውን ከፍ አድርጌ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከዚያ በኋላ በሩ ሥር ሄዳ ወደ ላይ አንጋጣ ታያለች። ታሳዝነኝ ነበር፤ ግን ወረቀቱ መጥረጊያ አይልም።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ስነሳ ካልሲ ጥግ ይዛ ተኮራምታለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጥርሷን ታፋጫለች። ዳቦ ሳቀርብላት ፊቷን አዞረች፤ ውሃም እንቢ አለች። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በጠጧ ነው። ሌላ ጊዜ ጠዋት ጠርጌ የማልጨርሰው በጠጥ ያን ቀን አንድም የለም። ያን ጊዜ ቃልህን ባልሰማም፣ አሁን በጻፍክልኝ ዓይነት ቃል ራሴን ሰደብኩት፤ አንቺ ምን ይዘሽ ታውቂያለሽ አልኩ።

ቁጭ ብዬ ማልቀስ ግን አልሆነልኝም። ካልሲን በልብስ ቅርጫት አድርጌ፣ ፎጣ አልብሼ፣ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። አትክልተኛው እሑድም እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ አባቱ ጥንቸል ያረቡ እንደነበር ሲያወራም ሰምቼዋለሁ። ሆዷን በሁለት ጣቱ ዳበሰና ምን ስታበዪያት ነበር አለኝ። አፌን ሞልቼ ወረቀቴን አውጥቼ ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። ይህ እኮ ለጥንቸል የማይሰጥ ነገር ዝርዝር ነው፤ አትስጡ የሚለው ከተቀደደው ጋር ሄዶ ነው አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቀጥሎ፣ እሷስ በራሷ ጊዜ ምን ልትበላ ሞከረች ብሎ ጠየቀኝ። መጥረጊያዬን አልኩት እያፈርኩ። የእጅ ጋሪው ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ «እሷማ ነግራሽ ነበር። አንቺ ወረቀት ስታነቢ አልሰማሻትም» አለኝ። ወንድሜ፣ ይህን ቃል ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከመሣሪያ ቤቱ አንድ እቅፍ ደረቅ ሣር አመጣልኝ። የጥንቸል ሆድ ሳያቋርጥ ሣር ካልገባበት ይቆማል፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ትሞታለች፤ የእንስሳት ሐኪሙ ነገ ጠዋት ሲከፍት እበሩ ላይ ሁኚ፤ እስከዚያው ሣሩን አቅርቢላት፣ ሆዷን ቀስ አድርገሽ እሺላት አለኝ።

ቤቴ ገብቼ መጥረጊያውን ከሚስማሩ አወረድኩት። ሣሩን ከፊቷ ዘረጋሁ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጬ የሐር ሸሚዝ ስተኩስ እጄን እንደማሳርፈው አድርጌ ሆዷን አሸሁ። ከዚያ አፍ አፏን ማየት ጀመርኩ። ብዪ እንጂ እላታለሁ፣ ፊቷን ታዞራለች። ሣሩን ወደ አፏ አስጠጋለሁ፣ ትሸሻለች። እንዲህ ስንተያይ ቀትር አለፈ። በመጨረሻ ዓይኔ ሲደክም፣ ቁልፍ የሚተከልለት የትራስ ልብስ ነበረኝና እሱን አነሳሁ። ጎኔን ሰጥቻት መስፋት ጀመርኩ። ሁለት ቁልፍ ተክዬ ሦስተኛውን ስጀምር ከጎኔ ቅርጥ፣ ቅርጥ የሚል ሰማሁ። አልዞርኩም። ትንፋሼን ውጬ መርፌዬን እየሳብኩ ቀጠልኩ። ቅርጥ ቅርጡ አልቆመም። አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት በጠጥ ወለሉ ላይ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ በጠጥ አይቼ እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ።

ሰኞ ሐኪሙ መጀመሪያ ያየው ጥርሷን ነው። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ እንደሚያድግ፣ ሣር ካልሞረደው እንደሚወጋት ነገረኝ። ደህና ናት፤ ሣሩን አታጉድዪባት ብሎ ሰደደኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብታይ እኔን አታውቀኝም። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የራሷን ገላ የሚያህል ደረቅ ሣር አስቀምጥላታለሁ። ውሃዋን እንዳትደፋው በከባድ የሸክላ ሳህን ነው የምሰጣት። ቅጠል አጥቤ፣ አድርቄ እሰጣታለሁ፤ አዲስ ዓይነት ሲሆን ግን በጥቂት ነው የምጀምርላት። ሰው ሁሉ ካሮት ነው የጥንቸል ቀለብ ይላል፤ እኔ ግን ለምሳዬ ስልጥ ጫፉን ብቻ ነው የማቀምሳት፣ ጣፋጭ ነውና። የካውያውን ገመድ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ፣ ታኝከዋለችና። ጆሮዋን ይዤ አላነሳትም፤ አንድ እጄን ከደረቷ ሥር፣ አንዱን ከኋላዋ አድርጌ፣ እንደ ታጠፈ ሸሚዝ ነው የምይዛት። በጠጧንም በየቀኑ አያለሁ። እንዳሻት የምታኝከው መጥረጊያ አላት፤ እኔ ሌላ ገዝቻለሁ።

አሁን ወደ እማማ ልምጣ። እናታችንን ከጥንቸል አስተካከለቻት ብለህ ለባለቤትህ እየነገርክ አትሳቅብኝ፤ ብትስቅም ግድ የለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እማማ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሳህን ቀርቦላት፣ ሰው እያያት ስትበላ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። እማማ ድስት ስታማስል ቀመስ፣ አትክልት ስትልጥ ቆረጥ፣ እኛ በልተን ስንነሳ ሳህኑን እያነሳች ጎረስ ታደርግ ነበር። ሆዷ የሚሞላው እጇ ሥራ ሲይዝ ነው። አሁን እናንተ በፍቅር ከወንበሩ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ቢላዋውን ከእጇ ተቀብላችሁ፣ ሁላችሁም ዓይናችሁን አፏ ላይ ተክላችሁ ብዪ እንጂ ትሏታላችሁ። ባለቤትህን መውቀሴ አይደለም፤ እኔ መጥረጊያ የሰቀልኩ ሰው ነኝና ማንንም የምወቅስበት አፍ የለኝም። እናንተም በቸርነት ነው የሰቀላችሁት። ባለፈው ደብዳቤህ ላይ እማማ ወጥ ቤት እየገባች አስቸገረችን፣ እንዳትወድቅ እየመለስናት ነው ብለኸኝ አልነበር? እሷማ ነግራችሁ ነበር።

ስለዚህ አክስታችን ዘንድ አትውሰዳት። እዚያ እጇን ሳይቀር የምታስታጥባት ሠራተኛ አለች፤ ክር እንኳን አታስይዛትም። ወደ እኔ አምጣት። በመጀመሪያ ግን ሐኪም ይያት፤ ሆዷን ብቻ ሳይሆን ጥርሷንም ይይላት፣ ምናልባት የምትደብቀው ሕመም ይኖራል። እኔ በኩል ሁሉም ተሰናድቷል። ሁለተኛውን አልጋ መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ደረጃው አሥራ አንድ ነው፤ መደገፊያውን አናጺ ጠርቼ አስጠብቄዋለሁ። ኃላፊያችንን አነጋግሬ ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንድወጣ ፈቅዳልኛለች። ሃያ ዓመት ያልጠየቅኩትን ስጠይቃት ደንግጣ ነው መሰለኝ እሺ ያለችኝ። ወጥ ቤቴ ጠባብ ነው፤ እማማ ብትንገዳገድ ግድግዳው ራሱ ይይዛታል። ሁለታችን ጎን ለጎን ሆነን እየላጥን፣ እየቀመስን እንኖራለን። አፏን አላይም፤ አውቄበታለሁ።

ችግሩ እሷው ናት። ሸክም አልሆንም ብላ እንቢ እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ ልጅሽ ልትንከባከብሽ ነው እንዳትላት። ልጅሽ በጥንቸል ተቸግራለች በላት። እሷ ሥራ ስትውል ብቻዋን የምትቀር፣ አጠገቧ ሰው ተቀምጦ ሥራውን ካልሠራ አፏን የማትከፍት እንስሳ ይዛለች በላት። ውሸት አይደለም፤ ከላይ እንደጻፍኩት ነው። በዳቦ ልትገድላት እንደነበርም ንገራት። ይህን ስትሰማ ሻንጣዋን ራሷ ታወርዳለች።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ያደረገችውን ሁሉ አውቃለሁ፣ እጇ ይባረክ። ለትልቋ፣ ማር በሞቀ ውሃ ትጠጣ በላት። ለመካከለኛው፣ ጥንቸሏ ትነክስ እንደሆነ ሲጠይቅ መጥረጊያ ካልሆነ አትነክስም በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። የእማማን ጉልበት ሳምልኝና ስትመጣ ያቺን ትንሿን ቢላዋዋን እንዳትረሳ ንገራት፤ የእኔ ዶልዱሟል።

እህትህ
ከአንደኛው ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን