አምስት መቶ አርባ መርፌ

ሐሙስ

መርፌዎቹ አምስት መቶ አርባ ናቸው። ሳጥኑ ላይ ተጽፏል እንጂ አልቆጠርኳቸውም። የጥርስ ብሩሽ የሚያህል እጀታ፣ ጫፉ ላይ የምትሽከረከር ትንሽ በርሜል፣ በርሜሏ ዙሪያዋን መርፌ። ፊት ላይ ትንከባለላለች፣ መርፌዎቹ ቆዳውን ይበሳሱታል፣ ቆዳው ደንግጦ ራሱን እንደ አዲስ ይሠራል፣ የብጉር ጠባሳው ይሞላል። የሚባለው እንዲህ ነው። ፖስተኛው ጎረቤቴ ጋ ትቶልኝ ስለነበር ሄጄ ተቀበልኩ። ምንድነው አለችኝ። የወጥ ቤት ዕቃ ነው አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም።

ምክንያቱን ልጻፈው፣ በኋላ ለራሴም እንዳልዋሽ። እዚህ ለንደን በሚታተም የአማርኛ መጽሔት ላይ ስድስት ዓመት ዓምድ ጽፌአለሁ። ስለ ሰርግ፣ ስለ ኩርፊያ፣ ማን ለማን ሳይደውል እንደቀረ። በስሜ፣ ያለ ፎቶ። ማክሰኞ አዘጋጃችን ጋሽ መኮንን ደወሉና፣ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ጸሐፊ ሁሉ በፎቶው ይወጣል፣ የአንቺ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው፣ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ አሉኝ። ያለ ፎቶ ብቀጥልስ አልኳቸው። ገጹን አንድ የካርጎ ድርጅት ለማስታወቂያ ይፈልገዋል አሉ። በትሕትና ነው ያሉት። ገባኝ።

እንግዲህ ወይ ፊቴ ይወጣል፣ ወይ ገጼ ለካርጎ ይሄዳል። ዘጠኝ ቀን አለኝ።

ፊቴ ይህን ይመስላል፦ ግራ ጉንጭ፣ ሲበዛ። ቀኝ ጉንጭ፣ መለስ ያለ። አገጭ ላይ አንድ ትልቅ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ በጥፍሬ ያፈረጥኩት። ያን ጊዜ ያየኝ ሁሉ ስታገቢ ይጠፋልሻል ይለኝ ነበር። አገባሁ። ተፋታሁ። ጠባሳው አለ።

ዓርብ

ከሥራ መልስ አውቶቡስ ላይ አራት ቪዲዮ አየሁ። አራቱም ሴቶች የሚያምር መታጠቢያ ቤት አላቸው። የተስማሙበትን ጻፍኩ፦

መርፌውን በአልኮል መንከር።
ፊትን በደንብ መታጠብ።
ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ አግድም።
ሲያበቃ ለአንድ ቀን ሜካፕ የለም፣ ላብ የለም፣ ፀሐይ የለም፣ እጅ የለም። ፊትን ምንም ነገር አይንካው።

ለማኅሌት ደወልኩላት። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ነርስ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ የመርፌውን ርዝመት ነው። አንድ ነጥብ አምስት ሚሊሜትር አልኳት። ከዚያ፣ ሂሩትዬ፣ እሱን ክሊኒክ ውስጥ የተማረ ሰው ነው የሚይዘው፣ ራሳቸው ቤት የሚጠቀሙት እንኳ የዚያን ሩቡን ነው የሚይዙት አለች። ጠባሳዬ ጥልቅ ስለሆነ ረጅሙን አዘዝኩ አልኳት። ጫማ መሰለሽ እንዴ አለችኝ።

ደግሞም በሳምንት ምንም አይለወጥም፣ በወራት ነው፣ ያውም ከተለወጠ አለች። አውቃለሁ አልኳት። እውነት አውቅ ነበር። ብቻ ያለኝ አንድ ሳምንት ነው።

ቅዳሜ

አደረግኩት።

ጠዋት ታጠብኩ፣ መርፌውን ነከርኩ፣ መታጠቢያ ቤቱን ዘጋሁ። መጀመሪያ ግንባሬን፣ ለሙከራ። ድምፅ አለው፣ ያንን ቪዲዮው ላይ አልነገሩኝም፤ ስስ ወረቀት ሲጨማደድ ይመስላል። ግንባር ይቻላል። ጉንጭም ይቻላል። ከንፈር በላይ ግን ዓይኔ በራሱ ጊዜ አነባ። ግራውን ጉንጬን ደጋገምኩት፣ የበለጠ ስለሚያስፈልገው። እዚህም እዚያም የስፌት መርፌ ጫፍ የምታህል ደም ብቅ አለች። በንጹሕ ጨርቅ ያዝኩት። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት ቀኑን ሙሉ እርሻ የዋለች ትመስላለች።

ትንሽ ድል፦ ሳላቋርጥ ጨረስኩ።

በጀርባዬ ተኛሁ። ሳሎን ውስጥ ነጭ ቀሚሴ ተተኩሶ ተሰቅሏል፣ ስጦታው በር አጠገብ በከረጢት ተቀምጧል። ነገ የጓደኛዬ የአዜብ ልጅ ክርስትና ነው። ሴት ልጅ ስለሆነች ሰማንያ ቀን ጠብቀን፣ ሰማንያኛው ነገ ነው። ክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። ያን አልረሳሁም። ቀሚስ ለብሶ፣ ፊትን ታጥቦ፣ ሕፃን አቅፎ መቆም ነው፤ ሜካፕም ቤተ ክርስቲያን አያስፈልግ። ቀኑን እንዲያውም አስቤ ነው የመረጥኩት። ከነገ ወዲያ ሥራ፣ እስከ ፎቶው ሰባት ቀን። ቁጥሩ ገጥሞልኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዜብ ጻፈችልኝ። እንዳታረፍጂ፣ አማቴም ትመጣለች፣ ለአዳራሹ ሰማንያ ሰው ነው የጠራነው፣ ሁሉም ክርስትና እናቷን ሊስም ጓጉቷል።

ሊስም።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ዝርዝሬን አነሳሁ። ፊትን ምንም ነገር አይንካው።

እነዚያ አራት ሴቶች የሚኖሩበት አገር ሰው በሩቁ ሃይ ብሎ ያልፋል።

እሑድ

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ሄድኩ። ቅዳሴው እስኪያልቅ ማንም ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም አንዲት ሴት ተመስጣለች ስትል ሰማሁ። ሕፃኗን ስቀበል በቀኜ በኩል አደረግኳት፣ ፊቷ ፊቴን እንዳይነካ። አላለቀሰችም። እኔ ግን ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ክርስትና እናት ስትሆን የምትገባው ቃል አለ፣ ስገባ ድምፄ ተሰበረ። ይኼ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

አዳራሹ ዌምብሊ ነው። በር ላይ ቆሜ እንግዳ እንድቀበል አደረጉኝ።

ያደረግኳቸው ሙከራዎች፦

ትከሻ ለትከሻ። በወረርሽኙ ጊዜ ለምደነው ነበር። ረስተውታል።
ጉንፋን ይዞኛል ማለት። እግዜር ይማርሽ ብለው ሳሙኝ።
ሕፃኗን አቅፎ መቆም። እሷን ሳሙ፣ ከዚያ እኔን።
ትሪ መያዝ። ትሪውን ተቀብለው አስቀመጡልኝ።

ሦስት ጊዜ የሚስሙ አሉ፣ አራት ጊዜ የሚስሙ አሉ፣ ደግሞ ጨረሱ ስትል እንደገና የሚጀምሩ አሉ። ሠላሳ አምስተኛው ሰው ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከተላጨ ሁለት ቀን የሆነው የአዜብ አጎት ጺም በተለይ አይረሳኝም። እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ግን ሳይስሙኝ ቀሩ፤ ሁለቱን ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና አልለቅ አሉ። ልጄ፣ ፊትሽ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ትኩሳት አለብሽ አሉ። እጃቸው የወጥ ሽታ ነበረው። በርበሬ። ይሄን አሁን ስጽፈውም ያቃጥለኛል።

የአዜብ አማት ስትመጣ አልቻልኩም፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አንድ ብቻ። እጇን ሰጠችኝና አለፈች። ኬክ ሲቆረስ አክስቴ እትዬ በላይነሽ ጆሮዬ ሥር መጡ። ሰው ሸሸች ብለው ያወሩብሻል፣ መጽሔት ላይ ወጣሁ ብላ ኮራች እያሉሽ ነው፣ ምን ሆነሽ ነው አሉኝ። ክሬም ነው እትዬ፣ አዲስ ክሬም አልኩ። ክሬም ሰው አያሸሽም አሉ።

ገና መች ወጣሁና።

ሰኞ

ግራ ጉንጭ፦ ሰባት ብጉር። ትንንሽ፣ ጫፋቸው ቢጫ፣ ሲነኩ የሚያሙ። ቀኝ ጉንጭ፦ ሁለት። ከጠባሳው ላይ አይደለም የወጡት፣ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ድሮ ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ።

ማስክ አድርጌ ሥራ ገባሁ። አንሶላና መጋረጃ የምንሸጥበት ሱቅ ነው፣ ፊት አያስፈልገውም። አለቃዬ አየችኝና ታመሻል፣ ቤትሽ ሂጂ አለች። ስድስት ወር ሙሉ የዓመት ፈቃድ ስለምናት ኖሬ እንዲህ በቀላሉ ተለቅቄ አላውቅም። ይህንንም እንደ ድል መዝግቤዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግማሹ ፊቴ አበጠ። ዓይኔ ሥር ድረስ።

ማክሰኞ

ማኅሌት ከፈረቃዋ ስትወጣ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ሃርልስደን፣ እቤቴ መጣች። መስኮቱ ጋ አስቀምጣ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ እሱ ነው የከፋኝ። ተመርዟል አለች፣ ለሰፈርሽ ሐኪም፣ ለጂፒ አሁኑኑ እንጻፍ አለች። ኦንላይን ፎርም ሞላን። ጥያቄው መጨረሻ ላይ የታመመውን ቦታ በቅርብ አንስተው ይላኩ ይላል።

አነሳችኝ። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፊልተር፣ በጣም ቀርባ። በስንት ዓመቴ ፊቴን እንዲህ የተነሳሁት ለሐኪም ሆነ።

ማታ ሳይደርስ መልስ መጣ፦ የሚዋጥ መድኃኒት፣ የሚቀባ መድኃኒት፣ አትነካኪው። የኛ ዓይነት ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ትቶ ነው የሚሄደው፣ ለወራት፣ ስለዚህ የፀሐይ ክሬም ደመናም ቢሆን አለችኝ ማኅሌት። ለንደን ውስጥ? አልኩ። ለንደን ውስጥ አለች።

ስትወጣ ያቺን በርሜል ጠየቀችኝ። ሥራ ቦታዋ የመርፌ መጣያ ቢጫ ሳጥን አለ፣ እዚያ እጥለዋለሁ አለች። ሰጠኋት። በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው፣ የሰው ጥርስ እንደያዘ ሰው።

ረቡዕ

ለጋሽ መኮንን ደወልኩ። ፎቶው አንድ እትም ቢገፋልኝ። ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል ልጄ አሉ። ታምሜ ነው አልኩ። ምንሽን አሉ። ፊቴን አልኩ። የድሮ ፎቶ የለሽም? አሉኝ።

ፈለግኩ። ደኅና የሆነ አንድ ብቻ አገኘሁ፣ የሰርጌ። ሠዓሊ የቀባው የሚመስል ሜካፕ፣ ጠባሳ የሚባል የለም። ግን የተቆረጠበት ጎን ላይ ባለቤቴ የነበረው ሰው ትከሻ አለ። በየወሩ በገጼ ላይ የእሱን ትከሻ ይዤ ስለ ትዳር ላማክር?

እመጣለሁ አልኳቸው።

ዓርብ

ትናንት አልጻፍኩም። ምንም አልሆነም፣ እሱም ጥሩ ነገር ነው። እብጠቱ ወርዷል። ዘጠኙ ደርቀው ቀያይ ነጥብ ሆነዋል፣ ከእነሱም ሁለቱ መጥቆር ጀምረዋል። ጠባሳዎቹን በደንብ አየኋቸው። አንዱም አልተነቃነቀም። በሩ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲስመኝ፣ መድኃኒት ስውጥ፣ እነሱ እቤታቸው ተቀምጠዋል።

ለአዜብ እውነቱን ነገርኳት። መርፌ? አለች። መርፌ አልኳት። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፣ እሷም ስለሳቀች። ለአማቴ ልንገራት? አለች። ንገሪያት አልኩ። ኮርታብኛለች ከምትል ጅል ናት ትበል።

ቅዳሜ

ፎቶ አንሺው ያሬድ ይባላል፣ እዚህ ያደገ ልጅ፣ ሰርግ ነው የሚያነሳው። ዌምብሊ፣ ከልብስ መደብር በላይ ያለች ክፍል። ሜካፕ አልተቀባሁም፣ ማኅሌት ሳምንት ጠብቂ ስላለችኝ። ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ አዟዟረ። ስለ ምን እንደምጽፍ ጠየቀኝ፣ እናቴ ታነብሻለች አለ፣ እኔ ማንበቡ ያስቸግረኛል፣ እሷ ጮክ ብላ ነው የምታነብልኝ አለ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። ስኪኑን ኤዲት ላድርገው? አለ። ሳልመልስ አንዲት ነጥብ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ፊቴ ተለሰነ። ቆንጆ ሴት ናት። የትም አግኝቻት አላውቅም። እናቱ ብታያት ይህቺ የምታወራውን ሁሉ ከየት ታውቀዋለች ትላለች ብዬ አሰብኩ።

መልሰው አልኩት። መለሰው። ቀያዮቹን ብቻ አጥፋልኝ፣ እነሱ የዚህ ሳምንት ናቸው፣ የሞኝነቴ፤ ሌሎቹን ተዋቸው አልኩት። ሹር ነሽ? አለ። አይደለሁም፣ ግን ተዋቸው አልኩት። አንድ በአንድ አጠፋቸው። ዘጠኝ። እሱም ቆጠረ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን የአዜብን አማት በር ላይ አገኘኋት። ቀድሜ ሄድኩ፣ ግራውን ጉንጬን ሰጠኋት። አንዴ ስማ ቆመች፣ ያማል እንዴ አለች። አያምም አልኳት። ሦስቱን ጨረሰችው።

ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ለእትዬ በላይነሽ ላክሁላቸው፣ ከጋሽ መኮንን በፊት። መጻፍ አይወዱም፣ በድምፅ ነው የሚመልሱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣ። አፍንጫሽ የአባትሽ ነው፣ ይሄን ያህል አላስተዋልኩትም ነበር፣ ሹራቡ ግን የሰው ነው የሚመስለው አሉ። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀመሩ።

ስለ ጠባሳው አንድ ቃል የለም። ሳያዩት ቀርተው ይሁን፣ አይተው ዝም ብለው ይሁን፣ ወይ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሲያዩት ኖረው የፊቴ አካል መስሏቸው ይሁን አላውቅም። ደግሜ ሰማሁት። አፍንጫ ነው ያሉት።

ፎቶውን ለጋሽ መኮንን ላክሁ። ሹራቡ የራሴ ነው።