በችካሉ ላይ ያረስን ቀን

ሰኞ፣ ግንቦት 22 ቀን 1930

ችካሉን የተከሉት ማሳዬ መሀል ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ክንድ የሚያህል። ከቦርከና ዳር ተነስቶ በኔ ማሳ በኩል፣ በሼህ ሙሄ መሬት አልፎ፣ እስከ መስጊዱ መቃብር ድረስ ተሰልፏል። ጣሊያኖቹ ወንዙን ሊገድቡት ነው። ውሃው እስከ ችካሉ ድረስ ይተኛል፤ ከሱ መብራት ይወጣል፤ መብራቱ ለካምፓቸውና ደሴ ላሉት ሹሞቻቸው ቤት ነው። እኛ እንነሳለን። ወዴት? እሱን የሚናገር የለም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ አስፋው ነው። እነሱ ዘንድ የቀን ሠራተኞች ካቦ ሆኗል፤ ቋንቋቸውንም ለምዷል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ማሳ የሚያርስልኝ እሱ ነበር። ዛሬ ችካል ሲያስተክልበት ዋለ።

"እትዬ፣ ዝም በይ። ሌላ መሬት አስፈልግልሻለሁ" አለኝ።

"መስጊዱ መቃብር ያረፈችው አያታችን ሐሊማስ? ለሷም ሌላ መቃብር ትፈልግላታለህ?" አልኩት።

ጫማውን እያየ ሄደ። እንጀራው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ተናደድኩ፣ በጣም ተናደድኩ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23

ሼህ ሙሄ ቤት ተሰበሰብን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሽማግሌ ደሴ እንላክ ያለ ነበር። ባለፈው የላክናቸው በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ውለው ነው የተመለሱ። ችካሉን እንንቀል ያለም ነበር። ጎረቤቴ ከድጃ "ወላሂ ብንነቅለው በማግስቱ ይተክሉታል" አለች።

እኔም "እንረሰው" አልኩ። "ጅጌ እንጥራ። ሁላችን በሬያችንን ይዘን እንውጣ፣ ማሽላ እንዝራበት። የታረሰ፣ የተዘራ፣ ሰው የቆመበት መሬት ይሁን።"

መቆፈሪያው መኪና ዓርብ ይመጣል ተብሏል። ቀን መምረጥ አስቸገረን። ዛሬ ጊዮርጊስ፣ ነገ ተክለ ሃይማኖት፤ የኛ ሰዎች በሬ አይጠምዱም። ዓርብ ጁምዓ። ቅዳሜ ሰንበት። ሼህ ሙሄ ሳቁ፤ "ሐሙስን አላህ ትቶልናል፤ ይበቃናል" አሉ።

ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። "የጅጌው ባለቤት ማን ነው ማለታቸው አይቀርም። ማን እንበል?"

"የማበላው እኔ ነኝ፤ እኔን በሉ" አልኳቸው። ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ ፈራሁ። "አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ" አሉኝ ሼህ ሙሄ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 24

ንፍሮ። ቂጣ። ጠላ ከየቤቱ ተዋጣ። ለእስላሞቹ የማያሰክረውን ቀሪቦ ከድጃ ጠመቀች። ጨው አነሰኝ። በርበሬ ተበደርኩ።

አስፋው በበሩ ሲያልፍ ድስቱን ሁሉ አየ።

"ምን ድግስ ነው?"

"የጅጌ።"

"ማን ሊያርስልሽ?"

"አንተ ብትቀር ጎረቤት አለኝ።"

ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ይተኩሳሉ እኮ፣ እትዬ" አለኝ በለሆሳስ። እኔም ክፉ አፌ አላረፈም፦ "ያኔ አንተ ታስተረጉማለህ" አልኩት። ወደ ካምፑ ሄደ። ይንገራቸው አይንገራቸው አላውቅም። ወንድሜን መፍራቴ ከሁሉ በላይ አመመኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27

ሐሙስና ዓርብ አልጻፍኩም። ደሴ ታስሬ ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሬው ከየአቅጣጫው ወረደ። ከላይኛው መንደር ሁሉ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ መጣ። ዘበኛ አልጠበቀንም፤ አስፋው አልነገረብንም ማለት ነው። ሲዘፈን፣ ጅራፍ ሲጮህ፣ አፈሩ ሲገለበጥ! ሼህ ሙሄ ችካሉን እየነቀሉ እንደ ማገዶ መንገድ ዳር ከመሩት።

ረፋዱ ላይ የካምፑ ጣሊያን ሹም ከዘበኞቹ ጋር ደረሰ፤ አስፋው ከኋላው። ሹሙ ጮኸ። ሼህ ሙሄ ረጋ ብለው "ችካላችሁ ያው፣ አንድም አልተሰበረ። ውሰዱት" አሉ። ጠመንጃ ተደቀነ። አራሹ ግን በሬውን አላቆመም።

"የማን ጅጌ ነው?" ተባለ። ቡኾ የያዘ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ወጣሁ።

"የኔ ነው። መሬቱ ያባቴ ነው። መገደብ ካማራችሁ ያገራችሁን ወንዝ ገድቡ በለው" አልኩት ወንድሜን።

አስተረጎመ። እኔ ካልኩት አጠር ያለ መሰለኝ። ብቻ የሹሙ ፊት ቀላ፣ እኔን መኪና ላይ ጫኑኝ። መኪናው ሲነሳ ጅራፉ ገና ይጮህ ነበር።

ደሴ አንዲት ክፍል ውስጥ ዘጉብኝ። ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። አልቅሼም ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ግን ከውጭ ሁካታ ሰማሁ። የኮምቦልቻ ሴቶች ሌሊቱን ዳገቱን ወጥተው በሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከድጃ ከፊት። ከጁምዓ የወጣው የደሴ ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ጠይቆ አብሯቸው ቆመ። መንገዱ ተዘጋ፣ የጭነት መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ።

ቢሮ አስገቡኝ። አስፋው ለማስተርጎም መጥቶ ቆሟል። ያው ሹም "ከሽፍቶች ጋር እንደምትላላክ መስክር" ብሎታል። አስፋው በነሱ ቋንቋ መለሰ፤ ከዚያ እኔ እንድሰማው በአማርኛ ደገመው፦ "እህቴ ናት። ሽፍታ አታውቅም። ያ መሬት የኔም ነው።"

ሹሙ በጥፊ መታው። እዚያው ከካቦነቱ አባረሩት። ከውጭ ጩኸቱ ሲብስ ጊዜ ሹሙ በመስኮት አየና፣ ሁለተኛ ሰው ብትሰበስቢ ትሰቀያለሽ ብሎ ለቀቀኝ። ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሉኝ። አስፋው ከኋላችን ለብቻው ይሄድ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 28

መቆፈሪያው መኪና አልመጣም። ድንኳኖቻቸው ግን አሁንም ቆመዋል። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ እስከ መስከረም ይተዉታል የሚል ወሬ አለ። ሌላ ወታደር ይመጣል የሚልም አለ። ዛሬ ጥሩ ዝናብ ጣለ።

አስፋው እኔ ዘንድ ነው። ጉንጩ አብጧል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብዙ ሰው ሰላም አላለውም። ከድጃ እንኳ ለኔ ብቻ ነው ሰላም ያለች። አልፈርድባትም፤ ችካሉን ሲያስተክል በዓይኗ አይታዋለች።

ምሳ ላይ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። "ተመልሰው ቢመጡ የት ትቆማለህ?"

እጁን ከገበታው ሰበሰበ። "ሚስት አለችኝ፣ ልጅ አለኝ፣ እትዬ። አላውቅም" አለ።

"ከናንተ ጋር" ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን ስለነገረኝ ወጥ ጨመርኩለት። እኔ ስለራሴ አውቃለሁ። ቢሰቅሉኝም እዚያው ማሳዬ ላይ ይስቀሉኝ እንጂ አልነሳላቸውም።