ትንሹ ኤሊ አልፈሰከም

ለወንድሜ ለገነነ፣ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔ እዚህ ሀርጌሳ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከዘመትክ ወዲህ ስልክህ ስለማይሠራ ይኸው ጻፍኩልህ።

በማጸዳበት ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ የሚያኖሯቸው ሁለት ኤሊዎች አሉ። በጠባብ ሳፋ ታጭቀው ዳቦ ብቻ ይሰጣቸው ነበር። ሰፊ ሳጥን አሠራሁላቸው፣ ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አስጠጋኋቸው፣ ጎመን አመጣሁላቸው። ትልቁ በላ። ትንሹ ራሱን እንደሸሸገ ቀረ። ረመዳን ስለነበር ልጆቹ "እሱም ጾሟል" አሉ፤ እኔም ሁዳዴ ላይ ነበርኩና ሳቅኩ።

ፋሲካውም ኢዱም አለፈ፤ እሱ ግን ራሱን አላወጣም። ተማሪዋ ሳምሳም ጀርባውን ልታንኳኳ ስትል እጇን ያዝኩ።

"ሞቷል እንዴ?" አለችኝ።

እንዲህ አይባልም ብዬ ተቆጣኋት። ጎመኑን በየጠዋቱ እለውጥለታለሁ።

የፋሲካ ሸሚዝህን ገዝቼ አስቀምጫለሁ፤ ከስተህ ከሆነ አጠብብልሃለሁ።

እመብርሃን በጥላዋ ትጋርድህ።

እህትህ ብርቅነሽ