ቦራን ከዘፈኑ ማን አወጣው

ኅዳር 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

ሩዙን ማበራየት ጀመርን። ጠዋት ጤዛ ነበር፤ ነዶው እስኪደርቅ ጠበቅን። በሬዬ ቦራ መሪ ሆኖ ገባ፣ ሌሎቹ ከኋላው። ካልዘፈንሁለት አይዞርም… ጌታ ነው። ዘፈንሁለት።

እርገጠው ቦራዬ ነዶውን ዙርና፣
የጎጆዬ ዋልታ ጫንቃህ ነውና።

ይህን ለሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከማንም አልሰማሁትም። የልጄ ልጅ ማህደር ከትምህርት ቤት መጥታ አውድማው ዳር ስልኳን ይዛ ቆማ ነበር። "ምን ታያለሽ?" ብላት "ሰዓት ነው አባባ" አለች። ፊደል ስላልቆጠርሁ ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት። ለማንም ላታነብ ምላልኛለች።

ኅዳር 30

ወረታ፣ ገበያ። ደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ ይጮሃል… በኔ ድምፅ። ከሥሩ እንደ ወፍጮ ዱም ዱም የሚል ነገር አስገብተውበታል። ቀጥ ብዬ ቆምሁ። "ቦራዬ" በምልበት ቦታ አንድ ጎረምሳ ገብቶ "ቢቲዬ" ይላል።

ነጂውን የኔነህን "ማን ነው የሚዘፍነው?" አልሁት።

"ተማሪዎች የሠሩት ነው፣ ፋዘር። ከተማው ሁሉ በብሉቱዝ ተቀባብሎታል።"

"ድምፁ የኔ ነው።"

"እኔም ደጃዝማች ነኝ" ብሎ ሳቀ።

ቢቲዬ ማን ናት? ሴት ልጅ ነዶ ስትረግጥ ማን አየ? ጫንቃዋንስ ማን ጠመደው?… ጨው ሳልገዛ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 1

ትናንት ይህን ሳስጽፋት የማህደር እስክሪብቶ ቆሞ ነበር። "ጻፊ እንጂ" አልኋት። ዛሬ አወጣችው። ያን ቀን ሰዓት አልነበረም የምታየው፤ እኔን ነበር የምትቀዳው። ትምህርት ቤታቸው ሚኒ ሚዲያ የሚሉት አለ፣ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዘፈን የሚያሰማ። እዚያ ያለው ሀይለየሱስ በኮምፒውተር ቆራርጦ ምት ገጠመበት። የሚወዳት ልጅ አለችው፤ ቢታንያ ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ። የሷን ስም አስገባ።

"ቦራስ?"

"በሬ ለዘፈን አይሆንም ብለውኝ ነው አባባ።"

አይሆንም… የበሉትን እህል ማን ረገጠው? ይህንንም ጻፊው አልኋት። እያለቀሰች ጻፈችው።

ታኅሣሥ 9

ሳምንቱን ሙሉ ተብሰልስዬ ዛሬ ትምህርት ቤታቸው ሄድሁ። አስተማሪው "አያ መንግሥቴ፣ ልጆቹ እኮ ባህል እያስተዋወቁ ነው" አለኝ።

"ባህሌን ስታስተዋውቁ በሬዬን የት አደረሳችሁት?"

ሀይለየሱስን "አጥፋው" አልሁት። "አይጠፋም አባባ። አሁን በየሰው ኪስ ነው" ይላል፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ።

"እንግዲያው ስሙን መልስ።"

"ሰው ይስቅብኛል።"

እኔ ላይ ሲሳቅ የት ነበረ? "በኛ አገር የሰው በሬ ሳያስፈቅድ የጠመደ በጉልበቱ ይከፍላል" አልሁት። "ቅዳሜ ቀበሌያችን ቁሐር ሚካኤል መጥተህ አውድማዬ ላይ ትገኛለህ።" አስተማሪው ራሱ "እውነታቸውን ነው" አለ።

ታኅሣሥ 14

መጣ። ቢታንያም አብራው። "ተማሪው ሁሉ በሬዋ ይለኛል፤ ስሜን ከዘፈኑ ያውጣልኝ" ትላለች። ለሷ እንኳ አዘንሁ።

ሀይለየሱስ ሊነዳ ገባ፤ ቦራ አልነቃነቅ አለ። ስልኩን አውጥቶ ያንን ዘፈን ከፈተ። ቦራ ድምፄን ሲሰማ ጆሮውን አቆመ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ… "ቢቲዬ" ሲል ቆመ። ዱም ዱሙ ሲመጣማ ነዶውን ጥሎ ወጣ። ልጁ በሩዝ ማሳው ሁሉ ሲያሳድደው ቆየ።

"በአፍህ ጥራው" አልሁት።

ጉሮሮው እስኪዘጋ "ቦራዬ" ሲል ዋለ። ዞረለት። የሳቀ ሰው የለም… ከማህደር በቀር።

ታኅሣሥ 25

አዲሱ ወጥቷል። የኔነህ ባጃጅ ላይ ሰማሁት። ደጃዝማቹ ዛሬ አልሳቀም፤ "አያ መንግሥቴ፣ ይግቡ" አለ። ቦራ ተመልሷል። ግን ዱም ዱሙን አላወጡትም። ስሙም መጀመሪያ ላይ አለ፣ መጨረሻው ላይ ቆርጠውታል። ማህደርን ብጠይቃት "ይረዝማል ብለው ነው" አለች። ይረዝማል? ቦራ የዞረው አጭር ነበር?

ስለዚህ ዛሬ አውድማ ላይ ከመዝፈኔ በፊት እኔው "ስልኩን ከፍተሻል?" አልኋት። ከፈተች። በየስንኙ፣ መግቢያውም መውጫውም ላይ ስሙን አስገባሁት። ከአንዱ ቢያወጡት ሌላው ላይ ያገኙታል። እስቲ ይቁረጡት።

እዚህም ጻፊው፣ ማህደር። ቦራ። ደግመሽ ጻፊው።

ቦራ።