ምስጢር በቃሏ ያነበበችው ገጽ

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ከአራዳ ካርቶን ስለቅም ዋልኩ። ጫማ ቤቱ ሰባት ሰጠኝ፣ መድኃኒት ቤቱ አራት። ጫማ ሻጩ ደመቀ፣ “እትዬ አማረች፣ ቤት ሊቀይሩ ነው?” አለኝ። “መጽሐፍ ልሠራበት ነው” ስለው ሳቀ።

ለሽፋን ቆራረጥኳቸው። የዱቄት ሙጫም አፈላሁ፤ ትንሽ ጓጎለ። ነገ ለሦስተኛ ጊዜ አምባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፣ ሁለት የልጆች መጽሐፍ ጻፍኩ፤ አሁን ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩ… እየሞከርኩ ነው። መምህር ወንዴ ክፍሉን ጠርጎ እንደሚጠብቀኝ ደውሎልኛል። ሸጋ ልጅ ነው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

አፌን ምን ነካው?

አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሠላሳ ልጅ መጣ። ጃንጥላ ስላገኘችው ዝንጀሮ የጻፍኩትን አነበብኩላቸው፣ ሳቁ። ከዚያ “ማን ያነብልናል?” አልኩ። ምስጢር እጇን አወጣች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ከሁሉ ቀድማ የምትመጣው እሷ ናት። ቆማ አነበበች… እንዴት ያለ ንባብ! ድምፅ እየቀያየረች፣ ዝንጀሮዋን እየሆነች። ልጆቹ ጸጥ። እኔ ራሴ እንደዚያ አንብቤው አላውቅም።

ከዚያ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተገለጠባት። ሥዕሉ ላይ ዝናቡ አባርቷል። እሷ ግን ዝናቡ ሲጀምር ያለውን ቀጠለች። አንድም ቃል ሳትስት።

“ምስጢር፣ ገጹን አልፈሽዋል እኮ። በቃልሽ ነው እንዴ? ማንበብ አትችይም?”

በሁሉም ፊት! ልጆቹ ሳቁ። መጽሐፉን ዘጋች፣ በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ወጣች። ደብተሯን እንኳ አልወሰደችም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቅዳሴ ላይም እሷው ናት በዓይኔ ላይ የምትሄደው። “ማንበብ አትችይም?” … ሃያ ስድስት ዓመት አስተማርኩ እላለሁ ደግሞ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አልመጣችም። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርትም ቀርታለች። ወንዴ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። “ክፍሌ ውስጥ ሰባ ሁለት ናቸው፣ እትዬ። ጮክ ብለው ሲያነቡ ድምጿ ከሁሉ ይበልጣል። አንዴ የሰማችው አይጠፋትም… እንዴት ልወቅ?”

እሱ አላወቀም። እኔስ ባወቅሁባት ደቂቃ አይደል ያቆሰልኳት?

ከአያቷ ጋር ነው አሉ የምትኖረው። አያ አላምረው ይባላሉ። “ሳምንት ቤታቸው ውሰደኝ” አልኩት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

እግሬ ዝሏል። ግን ልጻፈው።

ወንዴና እኔ አንድ ሰዓት በእግር ሄድን። አያ አላምረው አውድማ ላይ ገብስ ያበራያሉ። ሰላምታ እንደጨረስን፦

“አንች ነሽ መጽሐፍ የምትጽፊው?”

“አዎ፣ አያ።”

“ምነው ልጅቱን አሳፈርሻት?”

“አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁ።”

ጭድ የሚያነሡበትን መንሽ ተደግፈው ብዙ አዩኝ። “ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅ። በይ ግቢ።”

ደጃፉ ላይ ባቄላ ስትለቅም አገኘኋት። ቀና አላለችም። “እኔ ነኝ ያጠፋሁት” አልኳት። “ሰው ፊት እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።” ከጎኗ ተቀምጬ አብሬ ለቀምኩ። ሰፌዱ ሊያልቅ ሲል፦

“አንደኛ ክፍል እያለሁ አሞኝ ቀረሁ። ስመለስ ሁሉም ያውቃሉ። መጠየቅ አፈርኩ።”

ፊደል ላስቆጥርሽ ልላት ነበር… ተውኩት። “አንድ ነገር አጫውችኝ” አልኳት። የአያቷን ፈረስ አጫወተችኝ። ቃል ሳልቀይር ጻፍኩት፦

የአባባ ፈረስ ጠፋ። ሦስት ቀን ፈለግነው። እኔ ፈራሁ። በራሱ መጣ። ጭቃ ለብሶ መጣ።

አነበብኩላት።

“ያልኩትን ነው የጻፉት?”

“ያልሽውን ብቻ።”

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ስንወጣም እያየችው ነበር።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

መጣች! የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ።

ዛሬ “ማን ያነብልናል?” አልተባለም። ከእንግዲህም አይባልም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ነገረን፣ እኔና ወንዴ ጻፍንላቸው። ሥዕል ሣሉ፣ በካርቶን ሸፈኑ፣ በወስፌ በስተው በሲባጎ ሰፉ። አንዱ ሙጫውን ቀመሰው። የምስጢር ፈረስ አምስት እግር አለው። ስጠይቃት “አምስተኛው ጭራው ነው!” ብላ ተቆጣችኝ። ስትቆጣኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

መንገድ ተዘግቷል። መኪና የለም። ቤት ዋልኩ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አሁንም ዝግ ነው። መጽሐፏን ትገልጠው ይሆን? ወይስ ጥላዋለች?

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ተከፈተ። ምስጢር በር ላይ ጠበቀችኝ። ሰላምታም የለ። መጽሐፏን ገልጣ “ይዩ” አለችኝ። ጣቷን “ፈረስ” ላይ አደረገች። ከዚያ “ፈለግነው” ላይ። ከዚያ “ፈራሁ” ላይ።

“የሦስቱም መጀመሪያ አንድ ነው። ፈ፣ ፈ፣ ፈ።”

“ማን አሳየሽ?”

“ማንም። ቃሉን አውቀዋለኋ! ስለዚህ ፊደሉን ያዝኩት።”

ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ

ወንዴ ለብቻ ለብቻ እየጠራ ሲፈትን፣ እንደሷ በቃላቸው የሚያነቡ ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች አገኘ። አሥራ አንድ! ለማንም አልተነገረም። ሁሉም የየራሳቸውን ታሪክ እያስጻፉ ከዚያው ይጀምራሉ። ምስጢር ሃያ ሦስት ፊደል ይዛለች።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

በበዓሉ ምክንያት ሁለት ቅዳሜ አመለጠኝ። ዛሬ ለምስጢር አይታው የማታውቀውን ገጽ ሰጠኋት፣ እኔ የጻፍኩትን። ከሦስተኛው ቃል አላለፈችም። ወረቀቱን አጠፈችው። “የራሴን ብቻ ነው የምችል” አለች።

ቸኮልኩ። ዛሬም ቸኮልኩ… ግን ጥላ አልወጣችም። ወንበር ስባ ለአንዲት ሕፃን የፈረሱን መጽሐፍ አነበበችላት፣ ቃል በቃል በጣቷ እያስከተለች።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ሽንኩርት እያቁላላሁ ስልክ ተደወለ። አያ አላምረው ናቸው፣ ይጮኻሉ።

“አንች! ሰማሽ?”

“ምነው አያ፣ ደህና አይደላችሁም?”

“ደህና ነን። ቀበሌው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ። እኛ ሽማግሎቹ ቆመን እናያለን፣ የሚያነብ የለ። ልጅቱ ከትምህርት ስትመለስ ደረሰች። ተንተባተበች፣ ቆመች፣ ተመለሰች… ሐሙስ ጧት የከብት ክትባት አለ ይላል። አንዱ ጎረቤቴ ‘በቃሏ ይሆናል’ አይል መሰለሽ? ዛሬ የተለጠፈ ወረቀት በቃሏ ከየት ታመጣዋለች አልኩት!” ሳቃቸው ስልኩን አንቀጠቀጠው።

“አገናኙኝ።”

ድምጿ ቀጭን ነው በስልክ። “እትዬ፣ ‘ክትባት’ ላይ ሁለቴ ተሳሳትኩ።”

“ከዚያስ?”



“ከዚያማ… ሰዎቹ ጠበቁኝ።”